የላቲን ውድድር ከፍየሎች ጋር

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ አንድ የውጭ ቋንቋ መምረጥ ነበረባት። ስፓኒሹ ሞልቷል ተባለች፤ ፈረንሳይኛው ከሒሳብ ሰዓቷ ጋር ተጋጨ። የቀረው ላቲን ነበር። እኔ ፎርት ዎርዝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ መዝጋቢ ስለነበርኩ፣ ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ሁሉ ከላቲን እንዳመጡት ሰምቼ ነበርና ደስ አለኝ። ያልተደሰቱት እማማ ናቸው።

እማማ የምላቸው ዳላስ አጠገብ፣ ሌዊስቪል በምንኖርበት አፓርትመንት፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ከወንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሰባን ያለፉ ባልቴት ናቸው። ዝምድና የለንም። ግን እኔ ሺፍት ላይ ስሆን ልጄን ከስኩል ባስ የሚቀበሏት እሳቸው ስለነበሩ፣ በትምህርቷ ጉዳይ የመናገር ሙሉ መብት ነበራቸው።

«ላቲን የማን አገር ቋንቋ ነው?» ብለው ጠየቋት።

«የማንም አይደለም እማማ። ማንም አይናገረውም። ዴድ ነው።»

«ምን አለች?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«ሞቷል ነው የምትለው።»

«ቋንቋው?»

«አዎ።»

«ነፍሱን ይማረው» አሉ። «ታዲያ አንቺ ከማን ጋር ልታወሪ ነው?»

እንደ ግዕዝ ነው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ግዕዝማ ይቀደስበታል፣ በዚህኛው ምን ይሠራበታል አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ መሆኑ ነው፣ የላቲን መምህሩ ቤት ኮል አደረጉ። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ረዥምና ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። እኔ ከሥራ ገብቼ ድስት ጥጃለሁ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤ፣ እሳቸው በተናገሩ ቁጥር «ኦኬ» እላለሁ። አንድ ሰው በአማርኛ ሲያወራን «እሺ፣ እሺ» እያልን እንደምናዳምጠው ማለቴ ነው፤ ይቀጥሉ፣ እየሰማሁ ነው ለማለት። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ኦኬ እንደ ቃል ኪዳን ይቆጥሩት ኖሯል።

የወላጆች ስብሰባ አለ ተብዬ ስሄድ፣ ሰሌዳው ላይ ስሜ ከሁሉም በላይ ተጽፏል። ከጎኑ «ኤዲሊስ» የሚል ቃል አለ። የአባቴን ስም ተሳስተው የጻፉት መስሎኝ እንዲታረም ጠየቅኩ።

«ስም አይደለም» አሉኝ መምህሩ። «ማዕረግ ነው። በጥንት ሮም የሕዝብ ጨዋታዎችን የሚያዘጋጀው ሹም ኤዲሊስ ይባል ነበር። እስከ አምና ድረስ ታዘጋጅልን የነበረችው እናት ቤት ቀይራ ማኪኒ ወደሚባል ከተማ ሄደች። እርስዎ ደግሞ በስልክ እሺ አሉኝ።»

«የትኛውን ጨዋታ ነው የማዘጋጀው?»

«ሁሉንም» አሉ በደስታ።

ሁሉም የሚሉት ይህ ነበር። በጸደዩ አንድ ቅዳሜ ከዳላስ፣ ከፎርት ዎርዝና በመካከል ካሉት ከተሞች ላቲን የሚማሩ ልጆች ወደ እኛ ትምህርት ቤት ይመጣሉ። ፈተና ይፈተናሉ፣ ግጥም በቃላቸው ይወጣሉ፣ በቡድን ሆነው ጥያቄና መልስ ይወዳደራሉ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ደግሞ እንደ ሮማውያን አንሶላ ተጠቅልለው የአለባበስ ውድድር ያደርጋሉ፣ በራሳቸው እጅ የሠሩትን ሠረገላ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ይጎትታሉ፣ በመጨረሻም እንደ ሮማውያን ግብዣ ይቀመጣሉ። ግብዣው የኔ ነበር።

ፒዛ ማዘዝ እችል ነበር። አምና የበሉት ፒዛ ነው። እኔ ግን ሹመቱ ትንሽ ሳያሞቀኝ አልቀረም መሰለኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነገሩን አነሳሁት። ለልጆች ነው፣ ለትምህርት ነው አልኩ። ሁሉም እሺ ሊሉ ሲሉ አንዷ «የምን ግብዣ ነው ያልሽው?» አለችኝ።

«የሮማውያን።»

«ጌታን የሰቀሉት ሮማውያን?»

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ነገሩ ከበደ። በጾም፣ ያውም በዚህ ጾም፣ ለጲላጦስ ወገኖች ድስት ልንጥድ ነው ወይ ተባለ። ሌላዋ ጲላጦስን ተይው፣ እሱ እጁን ታጥቧል አለች። መታጠብ ምን ዋጋ አለው፣ አሳልፎ ሰጥቶ የለም ወይ የምትልም ተነሣች። ክርክሩ ከአዳራሹ ወጥቶ መኪኖቹ ድረስ ተከተለን። በመጨረሻ እማማ በዱላቸው አስፋልቱን መታ መታ አድርገው «ጲላጦስ በኋላ አምኗል። ስንክሳር ላይ አለ። ወገኖቹም ልጆች ናቸው፣ ይራባሉ» አሉ። በዚህ ተዘጋ።

ሥጋም ወተትም እንደማይኖር ለመምህሩ በፍርሃት ነገርኳቸው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች ነው አልኩ።

«ሮማውያንም ምስርና ጎመን ይበሉ ነበር» አሉኝ።

«በእጅ ነው የሚበላው።»

«ሮማውያንም በእጅ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የሚያስፈራኝን ነገር መፈለግ ተውኩ። ለአሸናፊዎች የሚደፋው የቅጠል አክሊል ብቻ አስቸገረን። ሎረል የሚባለው ዛፍ የት እንደሚበቅል አላውቅም፤ ልጄ ግን ግሮሰሪ ወስዳኝ በብልቃጥ የሚሸጠውን የደረቀ የወጥ ቅጠል አሳየችኝ። ያው ራሱ ነው አለች። ካርቶን ክብ አድርገን ቆረጥን፣ ዱቄት በውሃ አማስለን ቅጠሉን ለጠፍንበት። አፓርትመንቱ ለሳምንት ሾርባ ሾርባ ሸተተ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ መልኩ አላማረኝም። ሙቀት አለ፣ ነፋስ አለ፣ ደመናው ወደ አረንጓዴ ያደላል። እማማንና ሦስት ሴቶችን ከነድስቶቻቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቫን ጭኜ ወጣሁ። ትምህርት ቤት የሚኬደው በክብር ነው ብለው ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ጥለት ያለው ቀሚስ፣ ከላይ ነጠላ። ልጄም ከኋላ አንሶላዋን ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ከውጭ ለሚያየን ሰርግ የምንሄድ እንመስል ነበር።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ በተንቀሳቃሽ ፊደል የሚጻፍበት ትልቅ ሰሌዳ አለ። ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው። «እንኳን ደህና መጣችሁ የላቲን ፍየሎች ይላል» አለች።

«በትክክል አንብቢው» አልኳት።

«በትክክል ነው ያነበብኩት።»

ጂሙ በር ላይ ስንደርስ ነገሩ ተገለጠ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ተነጥፏል፣ በሽቦ የታጠረ በረት ተደርድሯል፣ በረቱ ውስጥ ፍየሎች አሉ። መካከል ላይ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ የግብርና አስተማሪ ቆሟል። የሱም ተማሪዎች ያሳደጓቸውን ፍየሎች ለውድድር የሚያቀርቡት ዛሬ ነው። ጂሙን ለሁለቱም የፈቀደችው ሴክሬታሪ፣ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ሳምንት ስለተቀበለች አንድ ፕሮግራም መስሏት ነበር። ፍየልና ላቲን ምን አገናኛቸው ብላ አለመጠየቋ ሲገርመኝ፣ ልጄ «ማሚ፣ ቴክሳስ ነው እኮ» አለችኝ።

መምህሩና የግብርና አስተማሪው ተነጋገሩ። አንዱ ነጭ አንሶላ ለብሶ፣ አንዱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ሁለቱም «አይ፣ እናንተ ቅደሙ» እየተባባሉ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ፍየሎቹ ሜዳው ላይ እንዲወጡ፣ ልጆቹ ጂሙን እንዲይዙ ተስማሙ። ሰጋቱራውን የጠረግነው እኛ ነን።

ፈተናው በሰላም አለፈ። ሠረገላው ላይ ነው የተበላሸው። የአንዱ ትምህርት ቤት ልጆች ሠረገላቸውን የሠሩት ከግሮሰሪ ጋሪና ከፍሪጅ ካርቶን ነበር፤ ካርቶኑን ከኋላ እንደ ሸራ አቁመውታል። ውድድሩ ሳይጀመር ነፋስ መጣና ካርቶኑን ሞላው። ጋሪው ማንም ሳይጎትተው ብቻውን ተነሣ፣ ፓርኪንግ ሎቱን ሰንጥቆ የመጨረሻውን መስመር አለፈ፣ አንድ የቆመ ፒክአፕ ገጭቶ ቆመ። የልጆቹ አስተማሪ አንደኛ ወጥተናል አለች። መስመሩን ቀድሞ ያለፈ የሚል ነው እንጂ ሰው ይጎትተው የሚል ሕግ የለም ብላ ተከራከረች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ለካ ኤዲሊስ ዳኛም ነው። እኔ ነፋሱ ለውድድር አልተመዘገበም አልኩ። መምህሩ ይህን ወደ ላቲን ተርጉመው ጮክ ብለው ሲናገሩ ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ሴትየዋም ተቀበለች።

ገና ማጨብጨቡ ሳያልቅ ሳይረኑ ጮኸ።

ዳላስ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ቶርኔዶ ሊሆን ይችላልና መስኮት ወደሌለበት ግቡ ማለት ነው። ሁሉም ወደ ሕንጻው መካከል ኮሪደር ሮጠ። ልጆቹ ከታች ክፍል ጀምሮ የተለማመዱት ነገር ስለሆነ፣ ሳይነገራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተንበረከኩ፣ ግንባራቸውን ወደ መሬት አድርገው እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ አደረጉ። ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሶ በተደፋ ልጅ ተሞላ።

እማማ በአንዷ ሴት ክንድ ተደግፈው ገቡና ቆመው አዩአቸው። ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«ለካ ይሰግዳሉ» አሉ። «እኔ ደግሞ ምን ያስተምሯቸዋል እያልኩ ሳማ ነበር።»

ማስረዳት ጀምሬ ነበር። ግን ነጠላቸውን አመሳቅለው፣ ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ «እግዚኦ» እያሉ መስገድ ጀመሩ። ሦስቱ ሴቶችም ተከተሏቸው። አጠገባቸው የነበሩት የፎርት ዎርዝ ልጆች ቀና ብለው አይተው፣ እንደዚያ ነው መሰለኝ የሚደረገው ብለው እነሱም መነሣትና መውደቅ ያዙ።

የኋላው በር ተከፈተና የግብርና አስተማሪው ከራሱ ላይ ውሃ እየወረደ ገባ። በረዶ ጀምሯል፣ የእንቁላል አስኳል ያህላል አለ። ከኋላው ፍየሎቹ ነበሩ። ማንም አልተቃወመም። ልጆቹ ለፍየሎቹ ቦታ ለቀቁላቸው፤ በረዶው ጣሪያውን ሲደበድብ አንዳንዱ ፍየል ደንግጦ ከተንበረከከ ልጅ ጎን ተጠግቶ ተኛ።

እኔ ልጄ አጠገብ ተንበርክኬ እጄን ማጅራቷ ላይ አድርጌ ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና ጆሮዬን አስጠጋሁ። በላቲን የሆነ ነገር በቃሏ ትወጣለች፤ አንድ ቃል በተለያየ አጨራረስ፣ እየደጋገመች። እንደዚያ የምታደርገው ስትፈራ መሆኑን አላውቅም ነበር። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፣ በአማርኛ የምትጸልየው እኔ ሳዝዛት ነው፣ በጭንቅ ጊዜ አፏ ላይ የመጣው ግን ይህ ነው። አልተቀየምኩም። ቃሉ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬያት ማንሾካሾክ ጀመርኩ።

መምህሩ ልጆቹን ለማረጋጋት ብለው፣ እንደተንበረከኩ፣ የጥያቄና መልሱን ውድድር ቀጠሉ። መልስ ያለው ልጅ የሚጫነው ደወል ጂም ቀርቷል። ስለዚህ እጅ በማውጣት ሆነ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ልጅ እጁን ሲያወጣ ማን እንደቀደመ የሚለይ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ፍየል ጮኸና መምህሩ በልማድ «አዎ፣ ይቀጥሉ» አሉ።

የአለባበስ ውድድሩን የምትዳኘው ከፎርት ዎርዝ የመጣች፣ አጭር፣ መነጽሯ ወፍራም የሆነ አስተማሪ ነበረች። እሷም ሥራዬን አላቋርጥም ብላ በዳዴ እየሄደች ሰልፉን ትመለከታለች። እማማ ጋ ስትደርስ ቆመች። የነጠላቸውን ጥለት በጣቶቿ ዳሰሰች፣ እጥፋቱን ከላይም ከታችም አየች። ከዚያ ልጄን ጠርታ አስተርጓሚ አደረገቻት።

«የዚች ልጅ አስተማሪ ማን ነው?»

ልጄ ጠየቀች። «የኔታ ነበሩ» አሉ እማማ። «ፊደል ያስቆጠሩኝ። አርፈዋል።»

«አስተማሪዋ ሞቷል» ብላ ልጄ በእንግሊዝኛ ተረጎመች።

ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። በጣም እንዳዘነች ተናገረች። «ስንተኛ ክፍል ናት?»

እዚህ ላይ ልገባ ሞከርኩ፤ ሁለት ፍየሎች መሐላችን ነበሩ።

«ስንተኛ ክፍል ነዎት ትላለች» አለች ልጄ።

«ዳዊት ደግሜያለሁ በያት።»

ልጄ ዳዊት መድገም ምን እንደሆነ አታውቅም። ትንሽ አሰበችና «ክፍል ደግማለች» አለቻት።

«መድገም አያሳፍርም» አለች ሴትየዋ ለስለስ ብላ፣ የእማማን ትከሻ እየነካች። የአለባበስ አንደኛ እማማ ሆኑ።

በረዶው አቆመ፣ ሳይረኑ ዝም አለ፣ ሁሉም ተነሣ። ሽልማቱን ላመጣ ስሄድ አክሊሎቹን ያስቀመጥኩበት ካርቶን ተገልብጦ አገኘሁት። ፍየሎቹ ቅጠሉንም፣ የዱቄት ሙጫውንም፣ ከካርቶኑም ገሚሱን በልተዋል። የተረፈው አንድ ነው። የፎርት ዎርዟ አስተማሪ እሱን ይዛ እማማ ራስ ላይ ልታደርግ እጇን ስታነሣ እማማ ወደ ኋላ ሸሹ።

«ምንድን ነው ይሄ? ተክሊል ነው?»

«ሽልማት ነው እማማ» አልኩ። «ልብስዎ አምሮ አሸነፉ።»

«እኔ በቁርባን ያገባሁ ሴት ነኝ። ባሌ ቢሞትም ሁለተኛ አክሊል አልደፋም። ንገሪያት።»

የጋብቻ እንዳልሆነ ማልኩላቸው። አክሊሉን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት። ከዚያ መምህሩን ፈለጉ። መምህሩ ጉልበታቸው ተይዞ ገና ከመሬት አልተነሡም። እማማ ወደሳቸው ሄደው አክሊሉን በራ ራሳቸው ላይ ደፉላቸውና «እርስዎ ይገባዎታል፤ ልጆቹን ስግደት ያስተማሩ እርስዎ ነዎት» አሏቸው። ምን አሉ ብለው ሲጠይቁኝ፣ አመሰገኑዎት አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ አክሊሉን አላወለቁም፤ ቀኑን ሙሉም ፍየሎች ከኋላቸው አልጠፉም።

ግብዣው ጂም ውስጥ ሆነ። መምህሩ ሮማውያን ተጋድመው ነው የሚበሉት ብለው የስፖርት ፍራሾቹን አስነጠፉ። ልጆቹ በክርናቸው ተደግፈው በጎናቸው ተጋደሙ፣ እኛ እንጀራውን በየሳህኑ አደረስን። ይህን ሲያዩ እማማ ድስቱን አስቀመጡ።

«ምን ሆኑ? በረዶ መታቸው?»

«አይ፣ አበላላቸው እንደዚህ ነው።»

«ተኝቶ የሚበላ በሽተኛ ነው» አሉና አንድ ግዙፍ ልጅ ጋ ቁጭ አሉ። ፉትቦል የሚጫወት፣ ትከሻው የበር ስፋት ያለው ልጅ ነበር። ጎመንና ምስር ጠቅልለው ወደ አፉ አቀረቡ። ልጁ ግራ ገባው፣ መምህሩን አየ። መምህሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቀዱ። ጎረሰ። ሁለተኛውን ጠቀለሉለት፣ ሦስተኛውንም። ከጎኑ የተጋደመው ልጅም አፉን ከፈተ። ሴቶቹም እሳቸው ሲያጎርሱ እኛስ ብለው በየፍራሹ ገቡና፣ ያ ሁሉ የሮም ልጅ ተጋድሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ጀመር። የግብርና አስተማሪውና ተማሪዎቹም ተጠርተው መጡ፤ እነሱ ቆመው ነው የበሉት።

የኛ ትምህርት ቤት በጥያቄና መልሱ ሦስተኛ ወጣ። ልጄ ግጥም በቃል በመውጣት ሁለተኛ ሆነች። አክሊል ስላልቀረ እጇን ጨበጥናት።

ስንወጣ ዝናቡ አቁሟል፣ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ የነበረው መኪና ሁሉ ጣሪያው በበረዶ ጎድጉዷል። የፍየሎቹ ተሳቢ ሜዳው ጫፍ ላይ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል። የግብርና አስተማሪው ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር ጎማው ይበልጥ ይሰምጣል። መምህሩ አዩና አንሶላቸውን ወደ ወገባቸው ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ልጆቹም ተከተሏቸው፣ ልጄም ገባች። ተሳቢውን ከኋላ ያዙት። መምህሩ በላቲን ቆጠሩ፣ ሦስት ላይ ሁሉም ገፋ። አልተነቃነቀም። እንደገና ቆጠሩ።

እማማ ቫኑ ውስጥ ተቀምጠው መስኮቱን ዝቅ አድርገዋል። «ምን እያሉ ነው?» አሉኝ።

«እየቆጠሩ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

«ጎንበስ ይበሉ በያቸው። ቀጥ ብለው ቆመው አይሆንም።»

ነገርኳቸው፤ ጎንበስ አሉ። በሚቀጥለው ሦስት ላይ ተሳቢው እየተንጓጓ ወጣ። ጎማው የወረወረው ጭቃ ሁሉንም ከራስ እስከ እግር አለበሳቸው፤ ፍየሎቹ በሽቦው መካከል አንገታቸውን አውጥተው ወደኋላ እያዩን ወደ መንገዱ ገቡ። ልጄ ጭቃዋን ይዛ ወደ ቫኑ ስትመጣ፣ እማማ መቀመጫውን እንዳታበላሽ ከድስቶቹ ሥር የነበረውን ጋዜጣ አነጠፉላት።